«ደህና ነኝ» የምትለውን ልጅ እንስማት

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከዓረብ አገር የተመለስን አባላት በጋራ ያቀረብነው ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ሰባት ነን። ሦስታችን ሳዑዲ፣ ሁለታችን ቤይሩት፣ አንዳችን ኩዌት፣ አንዳችን ዱባይ ሠርተን ተመልሰናል። ሰባታችንም ተራ በተራ ብንናገር ቡናው ይቀዘቅዛልና አንዳችን ታነባለች፤ ነገሩን ግን አብረን ተቀምጠን ጽፈነዋል። ስለዚህ «እኛ» ስንል ከሰባታችን ቢያንስ በአንዷ ላይ የደረሰውን ማለታችን ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ግን አትጠይቁን።

የተነሳንበትን ምክንያት ታውቃላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ሦስት እናቶች ከቁጠባችን ብድር ጠይቀዋል። ገንዘቡ ለልጆቻቸው ወደ ዓረብ አገር መሄጃ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ልጅቷ ደርሳ ትከፍላለች፣ ይሰጥ» አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ «በማኅበር ገንዘብ ልጅ አንልክም» አላችሁ። ኮሚቴው ደግሞ «ከመወሰናችን በፊት ሄደው የመጡት ይናገሩ» አለ። እኛም ይኸው ቀርበናል።

«አትሂዱ» ልንል አልመጣንም

አትሂዱ ብንል ማንም አይሰማንም። እኛም ስንሄድ ተብለን አልሰማንም። ደግሞም እውነት አይሆንም። ከአሰላ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰውን ቤት ቁጠሩ። ከስንቱ ቤት ጀርባ ዓረብ አገር ያለች ልጅ እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። ታናሽ ወንድም የተማረበት፣ እናት የታከመችበት፣ በዕዳ የተያዘ መሬት የተለቀቀበት ገንዘብ ከዚያ መጥቷል። ከሰባታችንም ሁለታችን ዛሬ የምንሠራበትን ሱቅና የልብስ መኪና የገዛነው በዚያው ገንዘብ ነው።

አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ነገር ግን ልጁ ሲበዛ ማሳው አልሰፋም። አባት ያለችውን መሬት ለአራት ወንዶች ሲያካፍል ለሴቷ ምን ይተርፋል? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤት ያልመጣላት ልጅ ምን ትሁን? አገራችን ደራርቱንና ጥሩነሽን ያፈራ አገር ነው፤ በቆጂ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሮጠው ልጅ ብዙ ነው። ሮጦ ሜዳልያ የሚያመጣው ግን ስንት ነው?

ለቆ መሄድም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ትልልቆቹ እናቶቻችን ያስታውሳሉ። በ1960ዎቹ በጭላሎ አውራጃ ካዱ የሚባለው የግብርና ልማት ሥራ ተጀምሮ ትራክተር ሲመጣ፣ መሬቱን ለራሳቸው ማረስ የፈለጉ ባለርስቶች ስንቱን ጭሰኛ አስነስተዋል። ያን ጊዜ ሰው ከነቤተሰቡ፣ ከነከብቱ ነበር የሚሄደው። አሁን የምትሄደው አንዲት ልጅ ናት፤ አንዲት ሻንጣ ይዛ፣ ብቻዋን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚህ ብቻነት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ከጭላሎ ሥር የተወለደ ሰው ሙቀት አያውቅም። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ፊታችንን የመታን አየር የድስት ክዳን ሲነሳ እንደሚወጣው እንፋሎት ነበር። በበጋ ሪያድ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ቤት ውስጥ ደግሞ በማቀዝቀዣው ብርድ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ ስንል የመጀመሪያውን ወር በጉንፋን አሳለፍነው።

ቋንቋውም አለ። ኦሮምኛና አማርኛ ይዘን ሄድን፤ ሁለቱም እዚያ አይሠሩም። ቁርኣን የቀራን እህቶች እንኳ ፊደሉን እያወቅን የወጥ ቤቱን ንግግር አልሰማንም። የመጽሐፉና የወጥ ቤቱ ዓረብኛ ይለያያል። «ጂቢ» ስትባል ምን እንደምታመጣ ያላወቀች ልጅ በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳች ታሳያለች። ይህ አሁን ሲወራ ያስቃል። ያን ቀን ግን አላሳቀንም። ቃሉን ያልሰማች ልጅ «እምቢተኛ ናት» ትባላለች፤ ጥፊው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሰዓትም ያሳስታል። የሪያድና የአሰላ ሰዓት አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን በስድስት ይለያል። ማዳም «በአምስት ሰዓት ተነሺ» ስትላት ከረፋዱ አምስት ሰዓት መስሏት የተኛች ከመካከላችን አለች። የማዳም አምስት ሰዓት የኛ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ወሩም እንደዚሁ ነው። አንዷ ደመወዝ የተቀበለችበትን ቀን በኛ አቆጣጠር ትጽፍ ነበር፣ ማዳም በፈረንጅ። መጨረሻ ላይ ሲተሳሰቡ ሳይገጥም ቀረ። ያልገጠመው የማን ሆኖ እንደቀረ መገመት አያቅታችሁም።

የሚጎዳ ነገርም አለ። እዚህ ቤት የምናጸዳው በውኃና በሳሙና ነው። እዚያ በየዓይነቱ ኬሚካል አለ። ከመካከላችን አንዷ «ሁለቱ ቢቀላቀሉ የበለጠ ያጸዳሉ» ብላ ክሎርንና የሽንት ቤት አሲድን በአንድ ባልዲ ቀላቀለች። የወጣው ጢስ መርዝ ነው። በር ዘግታ ስለነበር ራሷን ስታ ወደቀች፤ እስከ ዛሬም ደረቷን ያፍናታል። ልጅ የምትልኩ እናቶች፣ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህን አንድ ነገር ንገሯት፦ ክሎር ከምንም ነገር ጋር አይቀላቀልም፤ ስታጸዳም መስኮት ትክፈት።

የረመዳን ወር ደግሞ ሌላ ነው። ቤቱ የሚነቃው ሌሊት ነው። ምግብ ሠርተን፣ ዕቃ አጥበን፣ እንግዳ ሸኝተን ፀሐይ ይወጣል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ጠዋት ይነሳሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዕቃ ይሰብራል፣ ምግብ ያሳርራል። የተሰበረው ከደመወዝ ይቆረጣል።

ጥሩ ቤት የገጠማቸውም አሉ፤ ይህን ካልተናገርን ውሸታሞች ነን። ከመካከላችን አንዷ ስታስታምማቸው የነበሩት አሮጊት በስሟ ይጠሯት ነበር፣ ከማዕዳቸው ያበሏት ነበር። ሲሞቱ እንደ ልጅ አለቀሰችላቸው። ነገር ግን ጥሩ ቤትና ክፉ ቤት በዕጣ ነው። ዕጣው የሚወጣው ደግሞ ልጅቷ ከደረሰች በኋላ ነው።

በሩ የተዘጋው በወረቀት ነው

ብዙዎቻችሁ «ክፉ ከሆነ ለምን ጥላ አትወጣም?» ትሉናላችሁ። እዚህ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ካልተመቻት ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። እዚያ ግን ከፋላ የሚባል አሠራር አለ። አሠሪው «ካፊል» ይባላል፤ ዋሷ እሱ ነው። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ከእሱ ስም ጋር የታሰረ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ከቤቱ ከወጣች፣ ደመወዝ ስላልከፈላትም ቢሆን፣ እሱ «ጠፍታለች» ብሎ ያመለክታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕገ ወጥ ትባላለች። ከስድስት ወር ደመወዟ ይልቅ የእሷ መውጣት ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል።

በዚያ ላይ ፓስፖርቷ በአሠሪው እጅ፣ ብዙ ጊዜም ስልኳ በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቤይሩት ሳለን ፊት ለፊታችን ባለው ፎቅ አንዲት የአገራችን ልጅ በር ተቆልፎባት በአንሶላ ለመውረድ ስትሞክር አይተናል። ሙሉውን አንነግራችሁም። ልጆች ስላሉ።

ጠፍተው የወጡት ደግሞ ለጊዜው ይሻላቸዋል። ቤት ተከራይተው፣ በሰዓት እየሠሩ፣ ከኮንትራቱ የተሻለ ያገኛሉ። ችግሩ የሚመጣው አገሩ «ውጡ» ያለ ቀን ነው። በ2006 ሳዑዲ ወረቀት የሌለውን ማፈስ ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከኛ አንዷ ከነዚያ ውስጥ ነበረች። በለበሰችው ልብስ ቦሌ ወረደች። አልጋ፣ ፍሪጅ፣ የአራት ዓመት ወርቅ፣ ሁሉም እዚያው ቀረ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት መንግሥታችን ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ከልክሎ ነበር። ክልከላው እስከ 2010 ቆየ። መሄዱ ግን አልቆመም። ልጆቻችን በጅቡቲ ኦቦክ፣ በሶማሊያ ቦሳሶ አድርገው በጀልባ ወደ የመን ተሻገሩ። የመን ደግሞ ጦርነት ላይ ነበረች። በሩ ሲዘጋ በመስኮት ነው የተወጣው። ለዚህ ነው «እንከልክል» ለሚሉት እህቶቻችን ጆሯችንን ማንሣት የሚከብደን።

በ2012 ሰኔ፣ በኮሮናው ጊዜ፣ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቃታቸው። ሴቶቹን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ። በቴሌቪዥን አይታችኋል። ከኛ አንዷ ያንን በቴሌቪዥን አላየችም፤ እዚያው አስፋልቱ ላይ ነው ያደረችው። ከሁለት ወር በኋላ ሐምሌ 28 የወደቡ ፍንዳታ መጣ። በ2014 መጋቢት ደግሞ በሳዑዲ ማቆያ ቤቶች የታጎሩ 100,000 ያህል ዜጎችን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው አውሮፕላኖቹ መመላለስ ጀመሩ። ከጅዳ ወጣ ብሎ ያለውን ሽሜሲ የሚባለውን ማቆያ ያየች እህታችን እዚህ ተቀምጣለች።

ብድሩ ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ማኅበራችን ገንዘብ እንምጣ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ላይ የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 923/2008 ነው፤ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። አዋጁ ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ማስረጃ፣ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃና የብቃት ማረጋገጫ ነው። አሠሪው የሚከፍለው ደግሞ የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ዋስትና ነው።

የቀረቡልንን ሦስት የብድር ጥያቄዎች ከኮሚቴው ጋር አየናቸው። ከሦስቱ በሁለቱ ላይ ትልቁ ገንዘብ የተጻፈው «ለቪዛና ለትኬት» ተብሎ ነው። እናቶች፣ ይህ ገንዘብ በሕጉ የልጅቷ ዕዳ አይደለም። ታዲያ ማን ነው የሚበላው? ደላላው ነው። ደላላው ደግሞ እንግዳ ሰው አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ፣ የአክስት ባል፣ አንዳንዴም ቀድማ የሄደች ጓደኛ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ሕጋዊ ኤጀንሲ ፈቃድ አለው፣ ቢሮ አለው፣ ልጅቷ ላይ ለሚደርሰው ዋስትና ያስያዘው ገንዘብ አለው። ደላላው ያለው የስልክ ቁጥር ነው፤ እሱንም ይቀይረዋል።

በጉብኝት ቪዛ የሚሄዱትንም አስቡ። ያ ቪዛ የሥራ አይደለም። ኮንትራት የለውም፣ መድን የለውም፣ ስትበደል ማንም የማያውቃት ልጅ ትሆናለች። ዕድሜም አለ። ሕጉ 18 ዓመት የሞላት ይላል። ከኛ አንዷ የ16 ዓመት ልጅ ሆና በ23 ዓመት ሴት ወረቀት ሄዳለች፤ ስሟም የሌላ ነበር። ስትታመም ሆስፒታል የተመዘገበው ያ ስም ነው። ብትሞት ኖሮ አስከሬኗ የሚላከው ለማን ነበር?

የገንዘቡን ሒሳብም አብረን እንሥራ። ለምሳሌ አንዲት ልጅ በወር 1,000 ሪያል ብትከፈል፣ በሁለት ዓመት ኮንትራት 24,000 ሪያል ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ቃል አልተገባላትም። ለደላላ የተበደረችውን ለመክፈል ስድስት ወር ከሠራች፣ የቀራት 18,000 ነው። ደመወዝ የዘገየበት ወር፣ የተቆረጠባት፣ ለስልክ ያወጣችው ይቀነሳል። ዕዳ ያለባት ልጅ ደግሞ ቤቱ ቢከፋም አትወጣም። በዕዳ የምንልካት ከሆነ በሩን ከውጭ የምንቆልፍባት እኛው ነን።

«ደህና ነኝ»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ለመጻፍ የከበደን ይህ ክፍል ነው።

ከመካከላችን አንዷ አምስት ወር ደመወዝ ሳይከፈላት ቆየች። ስልኳን ያስመለሰችላት የማዳም ትንሽ ልጅ ናት። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃውን ከፍታ፣ እናቷ ዘንድ ደወለች። ልትነግራት ነበር። እናቷ ድምጿን ስትሰማ በደስታ አለቀሰች፤ ቀጥላም «ልጄ፣ ወንድምሽ ባጃጅ አግኝቷል፤ ቅድመ ክፍያ ብቻ ነው የጎደለው፤ መቼ ትልኪያለሽ?» አለቻት። ልጅቷ «በቅርቡ» አለች። «ድምፅሽ ምነው?» ስትላት «ደህና ነኝ፣ ጉንፋን ነው» አለች። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለሰባት ወር አልደወለችም። እዚህ ደግሞ «ጠገበች፣ ረሳችን» ተባለ።

እናቲቱ ክፉ አይደለችም። እዚህ መካከላችን ናት፤ ይህንንም የተናገርነው በእሷ ፈቃድ ነው። «ጉንፋን ነው» ስትላት ያመነችው ለምን እንደሆነ ስንጠይቃት «ማመኑ ስለቀለለኝ ነው» አለችን።

ሁላችንም ይህን ውሸት ዋሽተናል። ፎቶ ስንልክ የማዳምን ሶፋ መርጠን፣ ዕቃ በምናጥብበት እጃችን ላይ ቀለበት አድርገን ነው። ያንን ፎቶ ያየች የጎረቤት ልጅ «እኔስ?» ብላ ፓስፖርት አወጣች። ስለዚህ የሄዱት ሁሉ የታለሉት በደላላ ብቻ ነው አንልም። በእኛም ፎቶ የሄዱ አሉ። ይህን ስንናገር እናፍራለን።

ውሸቱ ከዚህም ወደዚያ ይሄዳል። አንዲት እህታችን ኩዌት ሳለች አባቷ ዐረፉ። ቤተሰቡ ተመካክሮ ደበቃት። «ሰው አገር ሆና መርዶ አይነገራትም፣ ማን ያጽናናታል?» ተባለ። ደግነት ነው፤ ወጋችንም ነው። ግን ስምንት ወር ሙሉ «አባዬን አቅርቡልኝ» ባለች ቁጥር «መስጊድ ሄዷል»፣ «ተኝቷል» ይሏት ነበር። እሷም ለመድኃኒቱ እያለች ገንዘብ ትልክ ነበር። ቦሌ ስትወርድ ጥቁር የለበሱ ዘመዶች ቆመው አየቻቸው። ያኔ ገባት። ዛሬ እንደምትለው፣ የአባቷን ሞት ፈጣሪ ያመጣው ነውና ተቀብላዋለች፤ ስምንት ወር የሞተ ሰው ጤና ስትጠይቅ መኖሯን ግን መቀበል አልቻለችም።

እናንተ ከእኛ ትደብቃላችሁ፣ እኛ ከእናንተ እንደብቃለን። በሁለቱ መካከል ልጅቷ ብቻዋን ትቀራለች።

የአርሲ ሴት ሲንቄ አላት። እናት ልጇን ስትድር በትሩን ታስይዛታለች። አንዲት ሴት ተበድላ ስትጮህ፣ የሰማች ሴት ሁሉ ሥራዋን ጥላ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። በደሉ ካልተካሰ ቤታቸውን ለቀው ከመንደር ይወጣሉ፤ ይህንንም «ጎዳንሳ ሲንቄ» ይሉታል። ጎዳንሳ ማለት ለቆ መሄድ፣ መሰደድ ነው። እነዚያ ሴቶች ሲሰደዱ ግን አብረው ነው። ሽማግሌ ለምኖ፣ በዳይ ክሶ እስኪመልሳቸው ድረስ አይለያዩም። ልጆቻችንን ስንልክ ሻንጣ ሰጠናቸው፤ የሚጮሁበትንና የሚሰማቸውን ግን አልሰጠናቸውም።

መመለስም አዲስ አገር ነው

ስንመለስ የጠበቅነው ቤታችንን ነበር። ያገኘነው ሌላ አገር ነው። ጢሱ ዓይናችንን አቃጠለን፣ ብርዱ አጥንታችን ገባ፤ ጥላናት የሄድናት የሁለት ዓመት ልጅ ስምንት ዓመት ሞልቷት «ይህች ሴትዮ ማን ናት?» አለች። የላክነው ገንዘብ በወንድም ስም ባጃጅ፣ በአባት ስም ቤት ሆኗል። በስማችን ያለ ነገር ስንፈልግ የድሮ የቀበሌ መታወቂያችንን አገኘን።

ባዶ እጇን የመጣች ደግሞ ከቤት አትወጣም። ሰው «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይላታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ማኅበር የመጣች አንዲት እህታችን ለሦስት ሳምንት ምንም ሳትናገር ቡና ጠጥታ ትሄድ ነበር። ምንም አልጠየቃችኋትም። ሲኒዋን ብቻ ሞላችሁላት። በአራተኛው ሳምንት ተናገረች። ያንን ቀን አንረሳም፤ ይህን ንግግር እንድንጽፍ ያደረገንም እሱ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ

ሰባታችን ተመካክረን እነዚህን አምስት ነገሮች ለማኅበሩ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ብድር ይሰጥ። የሚሰጠው ግን በሕጉ ሠራተኛዋ ለምትከፍለው ወጪ ብቻ ይሁን፤ በደረሰኝ። ለደላላ፣ ለቪዛና ለትኬት ከማኅበራችን ሣጥን አንድ ብር አይውጣ። ልጅቷም 18 ዓመት የሞላት፣ በራሷ ስም የምትሄድ ትሁን።

ሁለተኛ፣ ብድሩን እናት ብቻዋን አትጠይቅ። ልጅቷ ራሷ መጥታ ከእኛ ከተመለስነው ጋር ሁለት ከሰዓት ትቀመጥ። ሰዓቱን፣ ወሩን፣ ክሎሩን፣ ከፋላውን እንነግራታለን፤ ሃምሳ ያህል የወጥ ቤት ዓረብኛ ቃል እናስጠናታለን። ከዚያ በኋላ «እሄዳለሁ» ካለች አውቃ ትሂድ።

ሦስተኛ፣ የፓስፖርቷ ቅጂ፣ የኮንትራቷ ቅጂ፣ የኤጀንሲው ስምና የአሠሪዋ አድራሻ በጸሐፊያችን ዘንድ ይቀመጥ። ቤተሰብ በድንጋጤ ጊዜ ወረቀት አያገኝም። የት እንዳለች ያልታወቀችን ልጅ ቆንስላም ሊፈልጋት አይችልም።

አራተኛ፣ ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም የባንክ ደብተር ትክፈት። ለቤተሰብ የምትልከውና ለራሷ የምታስቀምጠው ስንት እንደሆነ በእናቷና በአባቷ ፊት ይነገር፣ ይጻፍ። ያልተነገረ ነገር ኋላ ጠብ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ለእያንዳንዷ ልጅ ከማኅበራችን አንዲት ሰሚ ትመደብላት። ሰሚዋ ገንዘብ የማትጠይቃት ሴት ትሁን። የሚስጥር ቃልም ይስማሙ። ማዳም አጠገቧ ቆማ ብትሰማ እንኳ የማይገባት ቃል ይሁን፤ ለምሳሌ «ጀበናው ተሰበረ ወይ?» ብላ ከጠየቀች፣ ችግር ላይ ናት ማለት ነው። ያን ቃል የሰማች ሴት ለኮሚቴው ትናገር፤ ወረቀቱ ተይዞ ወደ ኤጀንሲው፣ ወደ ሥራና ክህሎት ቢሮ ይኬድ። ሲንቄ የያዙት እናቶቻችን ብቻቸውን እንዳልሄዱ፣ እኛም አሥር ሆነን እንሂድ። ለአንዲት እናት የማይከፈት ቢሮ ለአሥር ይከፈታል።

ለእናቶች ደግሞ አንድ የግል ልመና አለን። ስትደውል የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ስለ ገንዘብ አይሁን። «ትናንት ምን በላሽ? ስንት ሰዓት ተኛሽ? በሩ ከውስጥ ይከፈታል ወይ?» በሏት። «ደህና ነሽ?» ብትሏት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ሌላ መልስ አላስተማርናትም። ሐዘን ከደረሰም ሰሚዋ ጊዜውን መርጣ ትንገራት። መርዶ ስልክ ላይ ከባድ ነው፤ ከተደበቀ መርዶ ግን ይቀላል።

ይህን ሁሉ ብናደርግ ክፉ ቤት አይጠፋም፣ ከፋላም አይቀርም። እሱን የሚቀይረው በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው፤ አገራችን ከሳዑዲ፣ ከኳታር፣ ከዮርዳኖስ ጋር የተፈራረመችው አለ፤ የወረቀቱ ቃል ወጥ ቤት ድረስ እስኪገባ ግን ብዙ ይቀረዋል። እኛ የምንችለው ልጃችን ስትጮህ መስማት ነው። እሱን ደግሞ ያለ ማንም ፈቃድ ዛሬ መጀመር እንችላለን።

ሦስቱ ልጆች ከእናቶቻቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ስማቸውን አንጠራም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። ልጆቼ እንበላችሁ፣ እህቶቻችን ናችሁና፤ ብትሄዱም ብትቀሩም አንቀየማችሁም። ከሄዳችሁ ግን «ደህና ነኝ» የምትሉት እውነት ደህና ስትሆኑ ብቻ ይሁን። ደህና ያልሆናችሁ ቀን ጀበናው መሰበሩን ጠይቁን። እኛ እንሰማለን።

ውሳኔው የጉባኤው ነው። ቡናው ደርሷል።